በሩ ተዘግቶ ሰው ሲወድቅ የሚጠራ የሴንሰር ሥርዓት፦ የአሠራር መመሪያ

«እናቴ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዋን ነው የምትኖረው። መታጠቢያ ቤት ገብታ ብትወድቅ ማን ይሰማታል? ካሜራ ደግሞ እዚያ አላስገባም።» ይህ ጥያቄ ሰፈሩና ዘመዱ እየተለወጠ ከአራት ኪሎም፣ ከፒያሳም፣ ከሜክሲኮም ደጋግሞ ይደርሰናል። ስለዚህ መልሱን ከዕቃ ግዢ እስከ ሙከራ ድረስ በአንድ ላይ ጽፈነዋል።

መጀመሪያ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ይህ ሥርዓት በሽታ አይለይም፤ የልብ ድካም ይሁን የስኳር መውረድ አያውቅም። የሚያውቀው ሦስት ነገር ነው፦ ሰው ገብቷል፣ በሩ አልተከፈተም፣ ሰውየው አይንቀሳቀስም። ከዚያ ቁልፍ ያለውን ሰው ይጠራል። የተጠራው ሰው በሩን ከፍቶ መግባት ካልቻለ ሴንሰሩ ምንም አይጠቅምም። በዚህ ምክንያት ሥራው የሚጀምረው ከኤሌክትሮኒክስ ሳይሆን ከበሩ ነው።

የሚያስፈልግ ዕቃ

አብዛኛው መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ውስጥ ይገኛል። እዚያ ያላገኙትን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፕሮጀክት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ይጠይቁ።

- ኢኤስፒ32 ቦርድ (ፕሮግራሙ የሚጫንበት ትንሽ ኮምፒውተር)፣ «ደብሊውሩም-32» የተጻፈበት፦ 1
- ኤልዲ2410ሲ ራዳር ሴንሰር፣ 24 ጊጋኸርዝ፦ 1 (መጨረሻው ላይ «ሲ» ያለው የእግሮቹ ርቀት 2.54 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእጅ ለመበየድ ይመቻል። የሌሎቹ እግሮች በጣም የተጠጋጉ ናቸው።)
- የማግኔት በር ሴንሰር፣ ኤምሲ-38፦ 1
- ሲም800ኤል ሞጁል (ሲም ካርድ ገብቶበት የሚደውለው) ከነአንቴናው፦ 1
- ኤልኤም2596 የቮልቴጅ መቀነሻ፦ 2
- ለራውተር የሚሸጠው ሚኒ ዩፒኤስ፣ 12 ቮልት መውጫ ያለው፦ 1
- ካፓሲተር፣ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት፦ 1
- 2ኤን2222 ትራንዚስተር፦ 2
- 5 ቮልት ባዘር (አክቲቭ)፦ 2፣ አንዱ ለውስጥ ሌላው ለውጭ
- ሬዚስተር፦ 1 ኪሎ ኦም 3፣ 4.7 ኪሎ ኦም 1
- ባለ ገመድ መሳቢያ ማብሪያ 1፣ ተራ የግፊት ማብሪያ 1
- ስምንት ሽቦ ያለው የኔትወርክ ኬብል፦ እስከ 5 ሜትር
- የፕላስቲክ ሳጥን 2፣ የብየዳ ዕቃ፣ ቴስተር

ማስጠንቀቂያ። 220 ቮልት መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አያስገቡ። ዩፒኤሱም ዋናው ሳጥንም ከበሩ ውጭ ይቀመጣሉ፤ ወደ ውስጥ የሚገባው 5 ቮልት ብቻ ነው። ግድግዳውን ከመሰርሰርዎ በፊት የቦይለሩ መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍ ያጣሩ፤ ቆጣሪውንም ያጥፉ።

ደረጃ 1፦ በሩን ያስተካክሉ

የብዙ መታጠቢያ ቤት በር ወደ ውስጥ ይከፈታል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ የወደቀ ሰው በሩ ላይ ያርፍና ከውጭ የሚገፋው ሰው መግባት ያቅተዋል፤ በጉልበት ሲገፋ ደግሞ የወደቀውን ይጎዳል። አናጺ ጠርተው በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት ማጠፊያውን ያስገልብጡ። ኮሪደሩ ጠቦ ይህ የማይሆን ከሆነ ተንሸራታች በር ያስገቡ።

ከውስጥ የሚቆለፈውን መቀርቀሪያ ያንሱ። በምትኩ ከውጭ በሳንቲም ወይም በጠፍጣፋ ካቻቪቴ የሚዞር ቁልፍ ያስገጥሙ። የውጭውን የብረት በር ትርፍ ቁልፍም ለጎረቤት ይስጡ። ቁልፍ የሚይዝ ጎረቤት ካላገኙ ደረጃ 2ን አይጀምሩ፤ ገንዘቡ ይባክናል።

ደረጃ 2፦ ከመግዛትዎ በፊት ኔትወርኩን ይፈትሹ

ሲም800ኤል የሚሠራው በ2ጂ ብቻ ነው። ሳጥኑ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቆመው የስልክዎን የኔትወርክ ምርጫ «2ጂ ብቻ» ያድርጉት፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ይደውሉ። ከሦስቱ አንዱ ከከሸፈ ሳጥኑን ወደ መስኮት ያቅርቡት፣ ወይም በሌላ ኩባንያ ሲም ይሞክሩ። ያም ካልሆነ 4ጂ የሚቀበል ሞጁል ይግዙ። በዋይፋይና በኢንተርኔት መልእክት ብቻ አይተማመኑ፤ መብራት ሲጠፋ የፎቁ ራውተር አብሮ ይጠፋል።

ደረጃ 3፦ ኃይሉን ያዘጋጁ

ከዩፒኤሱ 12 ቮልት ሁለቱንም ኤልኤም2596 ያስገቡ። ሌላ ነገር ከማገናኘትዎ በፊት ብሎኗን እያዞሩ፣ በቴስተር እየለኩ አንዱን 5.0 ሌላውን 4.0 ቮልት ላይ ያድርጉ። ብሎኗ ብዙ ዙር ስለምትፈልግ መጀመሪያ ምንም ለውጥ ባያዩ አይደንግጡ። 5 ቮልቱ ለኢኤስፒ32፣ ለራዳሩና ለባዘሮቹ ነው። 4 ቮልቱ ለሲም800ኤል ብቻ ነው። ሞጁሉ የሚቀበለው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ 5 ቮልት ከሰጡት ሊቃጠል ይችላል።

ካፓሲተሩን የሲም800ኤል ኃይል መግቢያ እግሮች ላይ አስጠግተው ይበይዱ። ሞጁሉ ኔትወርክ ሲፈልግና ሲደውል ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። በቀጭን ሽቦ ወይም ያለ ካፓሲተር ቮልቱ ይወድቅና ሞጁሉ ጥሪው ሊወጣ ሲል ራሱን ያጠፋል። «ሲሞከር ይሠራል፣ ሲደውል ይጠፋል» የሚባለው ችግር ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከዚህ ይመጣል።

ሥርዓቱ በአማካይ 1.5 ዋት ገደማ ይበላል። 8800 ሚሊአምፔር ሰዓት (በ3.7 ቮልት) የተጻፈበት ዩፒኤስ በወረቀት ላይ ከ32 ዋት ሰዓት በላይ ይይዛል፤ የመቀየሪያዎቹ ብክነት ሲቀነስ ወደ 15 ሰዓት ይሠራል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። ሞልተው ይንቀሉትና እስኪጠፋ ድረስ ሰዓት ይያዙ። ከ8 ሰዓት በታች ከቆየ ይመልሱት።

ደረጃ 4፦ ሽቦውን ያገናኙ

- የራዳሩ ቲኤክስ (መረጃ መላኪያ እግር) ወደ ኢኤስፒ32 እግር 16፣ አርኤክስ (መቀበያው) ወደ እግር 17። የመረጃ ልውውጡ ፍጥነት 256000። («ሮቨር» የተባለው ቦርድ 16ንና 17ን ለራሱ ይጠቀምባቸዋል። ከላይ «ደብሊውሩም» ያልነው ለዚህ ነው።)
- የሲም800ኤል ቲኤክስ ወደ እግር 32 በቀጥታ። እግር 33 በ1 ኪሎ ኦም ወደ ሲም800ኤል አርኤክስ ይሄዳል፤ ከአርኤክሱ ደግሞ 4.7 ኪሎ ኦም ወደ መሬት (ኔጌቲቭ) ይገናኛል። ይህ 3.3 ቮልቱን ወደ 2.7 ያወርደዋል፤ ሞጁሉ የሚፈልገው ያንን ነው።
- የበር ሴንሰር በእግር 27ና በመሬት መካከል።
- ባለ ገመዱ ማብሪያ (እርዳታ) በእግር 26፣ የግፊቱ ማብሪያ («ደህና ነኝ») በእግር 25።
- የውስጥ ባዘር በእግር 18፣ የውጭው በእግር 19፤ እያንዳንዱ በ1 ኪሎ ኦምና በትራንዚስተር በኩል።
- የሁሉም ኔጌቲቭ አንድ ላይ ይታሰር። የሁለቱ ኤልኤም2596 ኔጌቲቭ ካልተገናኘ ሲሙና ቦርዱ አይግባቡም።

ወደ ውስጥ ከሚገባው ኬብል ሰባት ሽቦ ይጠቀማሉ፦ 5 ቮልት፣ መሬት፣ ሁለት የራዳር፣ አንድ የባዘር፣ ሁለት የማብሪያ። ስምንተኛው ትርፍ ነው።

ማብሪያዎቹ ሁለት የሆኑበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያስተውለውም። አንድ ማብሪያ ለሁለቱም ከዋለ፣ የወደቁት እናት ማንቂያው ሲጮህ «አድኑኝ» ብለው ሲጫኑት ማንቂያውን ያጠፉታል። ስለዚህ «ደህና ነኝ» የሚለው ከወለል 1.2 ሜትር ላይ ይቀመጣል፤ ወለል ላይ የተኛ ሰው አይደርስበትም። የእርዳታው ገመድ ግን ወለል እስኪነካ ይንጠልጠል። ገመዱን የሚያሳጥር ወይም ለጽዳት ብሎ የሚጠቀልል ሰው እንዳይኖር ለሠራተኛዋም ያስረዱ።

ደረጃ 5፦ ይስቀሉ

ራዳሩን በግድግዳ ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ ወለሉን በሙሉ በሚያይ ጥግ ይስቀሉ። ጣሪያው ከ2.6 እስከ 3 ሜትር ከሆነ ጣሪያ ላይም ይሆናል። ፕላስቲክ ሳጥን ሞገዱን ያሳልፋል፤ ብረት አያሳልፍም። በሻወር መጋረጃ ጀርባ አይስቀሉት፤ የረጠበ መጋረጃ የ24 ጊጋኸርዝ ሞገድን በጣም ያዳክማል። ቦርዱን ከእንፋሎት ለመጠበቅ ብየዳው ባለበት ጎን ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይቀቡ፤ አንቴናው ያለበትን ፊት ግን አይንኩ።

ማግኔቱን በበሩ ላይ፣ ሴንሰሩን በመቃኑ ላይ፣ ሁለቱንም ከውጭ በኩል ይግጠሙ። በሩ ሲዘጋ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። የቆየ የእንጨት በር በክረምት ስለሚያብጥ በሐምሌ የገጠመው ክፍተት በታኅሣሥ ሊሰፋ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ራዳሩን ለክፍሉ ይለኩ

ኤልዲ2410ሲ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል፤ «ኤችኤልኬ ራዳር ቱል» የሚባለው መተግበሪያ ይጫናል። የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካው ሲመጣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ መጀመሪያ ይቀይሩት፤ ልኬቱን ሲጨርሱ ብሉቱዙን ያጥፉት። ካልሆነ ጎረቤት ያለ ማንኛውም ሰው ልኬቱን ሊነካው ይችላል።

ራዳሩ ርቀቱን በ0.75 ሜትር «ጌት» ይከፋፍላል። 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ለሆነ መታጠቢያ ቤት ከጌት 3 በላይ ያለውን ይዝጉ። ይህን መዝለል ትልቁ የስህተት ምንጭ ነው። ሞገዱ ቺፕውድና ጂፕሰም ቦርድን በቀላሉ ያልፋል፤ ብሎኬት ያዳክመዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያቆመውም። በቢሮና በካፌ ሕንፃዎች ውስጥ በጂፕሰም የተከፈሉ ሽንት ቤቶች ላይ ሥርዓቱ የጎረቤቱን ክፍል ሰው እንደራስዎ ይቆጥራል፤ የወደቀው ሰው ሳይንቀሳቀስ «ይንቀሳቀሳል» ይላል።

ቀጥሎ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ማራገቢያው እየዞረ፣ ውኃ እየፈሰሰ፣ መጋረጃው እየተወዛወዘ በየጌቱ የሚታየውን የኃይል ቁጥር ይመዝግቡ። የእያንዳንዱን ጌት መነሻ ከዚያ ቁጥር 10 ያህል ከፍ ያድርጉ። ማራገቢያው ያለበት ጌት በጣም ከፍ ካለ መነሻውን ከማናር ይልቅ የራዳሩን ቦታ ይቀይሩ፤ መነሻውን ካናሩት እዚያ የተኛ ሰው ትንፋሽ አይታይም።

ደረጃ 7፦ ሕጎቹን ይጻፉ

ፕሮግራሙ በአርዱዊኖ (ለእንዲህ ያለ ቦርድ ኮድ በሚጻፍበት ሶፍትዌር) ይጻፋል። ለኤልዲ2410 የተዘጋጀ ላይብረሪ ስላለ የሚያደክመው ኮዱ ሳይሆን ሕጎቹ ናቸው። እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ።

ሀ. በሩ ተዘግቶ ከ3ኛው እስከ 20ኛው ሴኮንድ ባለው ጊዜ እንቅስቃሴ ከታየ «ሰው አለ» ይባል። የመጀመሪያዎቹ 3 ሴኮንዶች የማይቆጠሩት በሩ ራሱ ሲንቀሳቀስ ራዳሩ ስለሚያየው ነው። «ሰው አለ» የሚሰረዘው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው።

ለ. «ሰው አለ» እያለ የሚንቀሳቀስ ነገር ለ5 ደቂቃ ካልታየ፦ ማንቂያ።

ሐ. «ሰው አለ» እያለ ራዳሩ የማይንቀሳቀስም የሚንቀሳቀስም ሰው ለ60 ሴኮንድ ጨርሶ ካላየ፦ ማንቂያ።

መ. አጠቃላይ ቆይታው ከ30 ደቂቃ ካለፈ፦ ማንቂያ።

ሠ. በሩ ክፍት ሆኖም ሰው ለ10 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ከታየ፦ ማንቂያ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች በሩን ሁልጊዜ አይዘጉም።

ረ. የእርዳታው ገመድ ከተሳበ፦ ምንም ሳይጠብቅ ጥሪ።

ከሁሉም የሚበልጠው ሕግ ሐ ነው። ራዳሩ የማይንቀሳቀስ ሰውን የሚያውቀው ደረቱ በትንፋሽ ሲንቀሳቀስ በማየት ነው። ትንፋሽ ከቆመ ራዳሩ «ማንም የለም» ይላል። ያለ በር ሴንሰር የተሠራ መሣሪያ ይህን ሰምቶ ሰዓቱን ወደ ዜሮ ይመልስና ዝም ይላል፤ ያም ሰውየው እርዳታ በጣም በሚፈልግባት ደቂቃ ነው። በሩ ካልተከፈተ ሰው አልወጣም። ስለዚህ በተዘጋ በር ውስጥ «ባዶ» የሚል ምልክት ከማንቂያዎች ሁሉ አስቸኳዩ ነው።

ማንቂያ ሲነሳ መጀመሪያ የውስጡ ባዘር ለ45 ሴኮንድ ይጮኻል። «ደህና ነኝ» ከተጫነ ወይም በሩ ከተከፈተ ይቆማል። ለ3 ሴኮንድ ያለማቋረጥ እንቅስቃሴ ከታየም ይቁም፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ግን ይህችን የመጨረሻ መሰረዣ ያውጧት፤ የመንቀጥቀጡ እንቅስቃሴ ማንቂያውን ራሱ ያጠፋዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ሕግ መን ወደ 10 ደቂቃ ያውርዱ። ሥርዓቱ መንቀጥቀጥን ከመታጠብ እንደማይለይም ይወቁ፤ አጭር የቆይታ ገደብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መልስ ከሌለ የውጭው ባዘር ይጮኻል፣ ጥሪው ይወጣል፣ አጭር መልእክትም ይላካል። መልእክቱ ውስጥ «መጨረሻ ከተንቀሳቀሰ ይህን ያህል ደቂቃ» የሚል ቁጥር ያስገቡ፤ በኋላ ሐኪም ዘንድ ይፈለጋል።

ሦስት የደኅንነት መስመሮችም ይጨምሩ። ከራዳሩ ለ10 ሴኮንድ መረጃ ካልመጣ «ብልሽት» የሚል መልእክት ይላክ። በሩ ለ24 ሰዓት ክፍት ሆኖ ከታየም እንዲሁ፤ የተበጠሰ የበር ሽቦ ልክ እንደ ክፍት በር ነው የሚታየው። ፕሮግራሙ ከተንጠለጠለ በ30 ሴኮንድ ራሱን የሚያስነሳው ዋችዶግ ይብራ፤ «ሰው አለ» የሚለውም በቋሚ ማኅደረ ትውስታ ላይ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ቦርዱ ሲነሳ ውስጥ ያለውን ሰው ይረሳዋል።

ደረጃ 8፦ ለ7 ቀን ሳይጠራ ያሂዱት

ጥሪውን ዘግተው ቆይታዎችን ብቻ ያስመዝግቡ። በሳምንቱ ውስጥ የታየውን ረጅሙን እንቅስቃሴ የሌለው ጊዜ ይውሰዱና 2 ደቂቃ ይጨምሩበት፤ ሕግ ለ ያ ይሆናል። ለአጠቃላይ ቆይታው ረጅሙ ላይ 10 ደቂቃ ይጨምሩ። ከላይ የሰጠናቸው ቁጥሮች መነሻ ናቸው። ሰው ሁሉ አንድ አይደለም፤ የፕሮስቴት ችግር ያለባቸው አባትና ወጣት ልጅ አንድ ዓይነት ሰዓት አይቆዩም። በሐሰት የሚጮኽ መሣሪያ በሦስተኛው ሳምንት ከሶኬቱ ይነቀላል፤ ይህን ሳምንት ለማሳጠር አይሞክሩ።

ለተጠቃሚው ደግሞ ሁሉን ነገር በግልጽ ይንገሩ፦ ካሜራ የለም፣ ድምፅ አይቀዳም፣ የሚታየው መኖርና አለመኖር ብቻ ነው። ሳይነገራቸው የተገጠመባቸው አዛውንት ገመዱን አይስቡም፤ ማንቂያውም ሲጮኽ ይደነግጣሉ።

ደረጃ 9፦ የሚጠራውን ሰው ይምረጡ

ሦስት ቁጥር ያስገቡ። ቅደም ተከተሉ በዝምድና ሳይሆን በእግር ርቀት ይሁን። ልጅየው ሲኤምሲ ቢኖር፣ እናት ካዛንቺስ ቢሆኑ፣ የመጀመሪያው ጥሪ በኮሪደሩ ማዶ ላሉት ጎረቤት ነው። ሁለተኛው ለሕንፃው ጥበቃ፣ ልጁ ሦስተኛ። ሥርዓቱ 25 ሴኮንድ አስጠርቶ መልስ ካጣ ወደ ቀጣዩ ይለፍ፤ አንድ ሰው እስኪያነሳ ሦስቱን ይዙር።

መሣሪያው በቀጥታ ወደ 907 እንዲደውል አያድርጉ። ድምፅ የሌለው ጥሪ አምቡላንስ አያመጣም፤ ጠሪው ሰው ገብቶ አይቶ መናገር አለበት።

የመሣሪያውን ሲም ቁጥር በሦስቱም ስልኮች ላይ «አደጋ፦ የእማማ መታጠቢያ ቤት» ብለው ይመዝግቡ። ይህ ስም ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ ስልኩ ሲጠራ ሰውየው ምን እንደሆነ ያውቃል። ሌሊት ስልኩን ዝም የሚያሰኙ ሰዎች ይህ ቁጥር ብቻ እንዲያልፍ ያስተካክሉት።

የአድራሻ ወረቀት ጽፈው ከበሩ ውጭም በሦስቱ ሰዎች ስልክም ያስቀምጡ፦ ዋናው መንገድ፣ መግቢያ፣ የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር። ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ አካባቢ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የቆዩ ምልክቶች ስለተነሱ «ከድሮው እንትን ጀርባ» የሚል አቅጣጫ አሁን ሹፌር ያሳስታል። ዛሬ ቆሞ በሚታይ ነገር ይግለጹ።

ደረጃ 10፦ ይሞክሩ

1. ከሽንት ቤቱ መቀመጫ አጠገብ፣ ከበሩ ሥርና ከሻወሩ ወለል ላይ በየተራ ይተኙ። በሩን ዘግተው፣ ጀርባዎን ለራዳሩ ሰጥተው፣ በሕግ ለ ካስቀመጡት ጊዜ 1 ደቂቃ አስበልጠው ያለ እንቅስቃሴ ይተንፍሱ። የሕግ ለ ጊዜ ሲሞላ መጮኽ አለበት። አሻንጉሊት ወይም ትራስ አይተካዎትም፤ አይተነፍስምና።
2. ሕግ ሐን ለመሞከር ትንፋሽ መያዝ አያስፈልግም። ገብተው በሩን ዘግተው ይንቀሳቀሱ። ሌላ ሰው ትርፍ ማግኔት በሩ ሴንሰር ላይ እንደያዘ ይውጡ። ሥርዓቱ በሩ እንደተዘጋ፣ ክፍሉ ግን ባዶ እንደሆነ ያያል። በ60 ሴኮንድ ካልጮኸ ኮዱ ላይ ስህተት አለ።
3. ቆጣሪውን አጥፍተው ሙሉውን ሙከራ ይድገሙ።
4. የራዳሩን ሽቦ ይንቀሉ፤ የብልሽት መልእክት ይምጣ።
5. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ለጎረቤቱ ቀድመው ነግረው፣ እውነተኛ ጥሪ ያስነሱ። ከጩኸቱ እስከ በሩ መከፈት ያለውን ጊዜ ይያዙ።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

በፒአይአር ሴንሰር ብቻ መሥራት። ፒአይአር የሚያየው የሙቀት *እንቅስቃሴን* ነው፤ ዝም ብሎ የተኛ ሰው ለእርሱ የለም፤ ሙቅ ሻወር ሲከፈት ደግሞ ያለ ሰው ሊቀሰቀስ ይችላል።

ሲሙ ላይ የፒን ቁጥር መተው። መብራት ጠፍቶ ሲነሳ ሞጁሉ ፒን እየጠበቀ ይቀራል።

የሲሙ ሂሳብ ማለቅ። ሳይጠቀሙበት የቆየ ሲም ሊዘጋም ይችላል። መሣሪያው በየእሑዱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት «ደህና ነኝ» የሚል መልእክት ይላክ፤ ሲሙንም በሥራ ላይ ያቆየዋል፣ መልእክቱ ሲቀርም የሆነ ነገር እንደተበላሸ ያውቃሉ።

የመኝታ ክፍልና ከሰል

በመኝታ ክፍል ሕግ ለ አይሠራም፤ የተኛ ሰው አይንቀሳቀስም። እዚያ የሚሠራው «እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ካልተነሳ ጥራ» የሚል ሕግ ነው። ከዚያ በላይ የሚያሰጋው ግን በክረምት ለሙቀት ተብሎ የሚገባው የከሰል ማንደጃ ነው። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል፣ አይጎዳም» የሚለው እምነት ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭስ የሌለው ፍም በብዛት ያወጣዋል። ማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል ጭራሽ አይግባ፤ ከቡና በኋላም ቢሆን ውጭ ይደር።

ለዚህ ጋዝ ራስዎ ሴንሰር አይሥሩ። ርካሹ የጋዝ ሴንሰር ኤምኪው-7 ማሞቂያው በ5 ቮልት 60 ሴኮንድ፣ በ1.4 ቮልት 90 ሴኮንድ እየተፈራረቀ ካልሠራና በታወቀ ጋዝ ካልተለካ የሚሰጠው ቁጥር ትርጉም የለውም። «ኢኤን 50291» የተጻፈበት የተሟላ ማንቂያ ይግዙ። ይህ ደረጃ በ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 50ው ጋዙ ሲሆን) ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ በ100 ፒፒኤም ከ10 እስከ 40 ደቂቃ፣ በ300 ፒፒኤም ደግሞ ከ3 ደቂቃ በፊት እንዲጮኽ ያስገድደዋል። ጋዙ ከአየር ጋር ስለሚቀላቀል አልጋው አጠገብ፣ በትንፋሽ ከፍታ ይስቀሉት። የሚያበቃበትን ዓመት ከጀርባው ያንብቡ።

ሲጠራ ምን ይደረጋል

ይህን ክፍል አትመው ለቁልፍ ያዡ ይስጡ።

1. ከውጭ በስም ይጥሩ። መልስ ካጡ ወዲያው ይክፈቱ። ክፍሉ ውስጥ ከሰል ካለ መስኮትና በር ከፍተው ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ያውጡ፤ ውስጥ ሆነው አያክሙ።
2. ትከሻውን ነክተው ይጥሩት፣ ደረቱን ለ10 ሴኮንድ ይመልከቱ። ካልተነፈሰ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉና የደረት ግፊት ይጀምሩ፦ በደረቱ መካከል፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። በሩን መስበር ካስፈለገ ወይም ሰውየው ከተጣበቀ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው።
3. ከተነፈሰና ካልነቃ በጎኑ ያስተኙት። አፉ ውስጥ ውኃም ስኳርም አያድርጉ፤ ያልነቃ ሰው አይውጥም፣ ይታነቃል።
4. የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ። አይያዙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አይክተቱ፣ ክብሪት ጭረው አያሽትቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ያስፈልጋል።
5. አንድ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ወርዶ አምቡላንሱን ይቀበል፤ ሌላው ሊፍቱን ይያዝ።
6. አጭር መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓት ይዩና በውስጡ ያለውን የደቂቃ ቁጥር ይቀንሱ። ውጤቱ ሰውየው መጨረሻ የተንቀሳቀሰበት ሰዓት ነው፤ ወረቀት ላይ ጽፈው ለአምቡላንሱ ባለሙያ ይስጡ። በአንጎል ውስጥ ደም ረግቶ ከሆነ የደም መርጋቱን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀውም «መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው?» ብሎ ነው።